ያልነከሰው ውሻ

ጀምበሩ ውሻ አይጠላም፤ የሚጠላው ውሻ ቤት ውስጥ ሲኖር ነበር። እሱ በሚያውቀው አገር ውሻ ደጅ ይተኛል፣ ሌባ ሲመጣ ይጮኻል፣ የተረፈውን ይበላል፤ ሶፋ ላይ ተንጋሎ ሆዴን እከኩልኝ አይልም። ስለዚህ ትንሿ ልጁ ኖይ ውትድርናዋን ጨርሳ፣ በአንድ እጇ ሻንጣዋን፣ በሌላው ደግሞ በገመድ የታሰረ ቡናማ ውሻ እየጎተተች ስትመጣ፣ በሩ ላይ ቆሞ ይኼ ደግሞ የት ሊያድር ነው ብሎ ጠየቀ። ኖይ እኔ ዘንድ ብላ አልፋው ገባች።

ውሻውን ያገኘችው ደቡብ ካለው የጦር ሰፈሯ አጥር ሥር ነው። የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር፣ ቆሻሻ ገንዳ ላይ ከሌሎች ውሾች ጋር እየተናከሰ የሚበላ ነበር። ሱምሱም አለችው፤ በዕብራይስጥ ሰሊጥ ማለት ነው። ረሆቮት ከተማ፣ ኦሺዮት ሰፈር ያለው አራተኛ ፎቅ ቤታቸው ለሦስት ሰው እንኳ ጠባብ ነው፤ ያም ሆኖ ጀምበሩ ዝም አለ። ዝም ያለው በልጁ ምክንያት ነው። ኖይ ከተመለሰች ወዲህ እንደ ድሮዋ አልነበረችም። ምን እንዳየች አልተናገረችም፤ እነሱም ደፍረው አልጠየቋትም። እስከ ቀትር መጋረጃዋን ዘግታ ትተኛለች፤ ጓደኞቿ ሲደውሉ ስልኩን በፊቱ ትደፋዋለች። ጠዋት ከአልጋዋ የሚያስነሳት ያ ውሻ ብቻ ነበር፤ እሱን አውርዳ፣ አዙራ፣ አብልታ ተመልሳ ትተኛለች። የጀምበሩ ሚስት ሚሪ፣ ይኼ ውሻ ባይኖር ይቺ ልጅ ፀሐይ አታይም ነበር ትላለች።

ማጉረምረሙ የጀመረው በሁለተኛው ወር ነው። ሚሪ ወጥ ቤቱን ስትወለውል መጥረጊያው ወደ ሳህኑ ተጠጋ፤ ከውሻው ደረት ውስጥ በብርድ ጠዋት እንደሚነሳ ሞተር ያለ ድምፅ ወጣ። ሚሪ መጥረጊያውን ጥላ ወጣች። ኖይ ስልኳ ላይ ስታነብ ዋለችና፣ ይህ ውሻ ረኀብን ያውቃል፣ ሲበላ ማንም አይጠጋው አለች፤ ሳህኑንም ልብስ ማጠቢያው ማሽን ወዳለበት ትንሽ በረንዳ ወሰደችው። ነገሩ በዚያ ሊበርድ ይችል ነበር። ጀምበሩ ግን አልቻለም። በገዛ ቤቱ ጥርስ ሊገጠጥበት ነው ወይ? ደግሞ ሌላም ነገር ነበር፣ እውነተኛው ፍርሃቱ። ትልቋ ልጁ ጋል አሽዶድ ነው የምትኖረው፤ ዓርብ ዓርብ በባቡር ትመጣለች፣ እሱ ረሆቮት ጣቢያ ድረስ ሄዶ ይቀበላታል። ልጇ አድቫ ዓመት ከሁለት ወሯ ነው፤ ገና ድክ ድክ ማለቷ ነው። ከእጇ የወደቀውን ቁራሽ ሁሉ ተከትላ ትወድቃለች።

ጀምበሩ አውቶቡስ ነጂ ነው። ከእሱ ጋር የሚነዳ ሞሼ የሚባል ሰው ዕድሜውን ሙሉ ውሻ አሳድጓል፤ እሱን አማከረው። ሞሼም ቀላል ነው አለው። ውሻው እየበላ ሳለ ሳህኑን ንጠቀው፤ ካጉረመረመ በተጠቀለለ ጋዜጣ አፍንጫውን በለው፤ በሳምንት ውስጥ ጌታው ማን እንደሆነ ያውቃል።

የከሰዓት ፈረቃ በሆነባቸው ቀናት ጠዋት ቤቱ የጀምበሩ ነው። ሚሪ መዋዕለ ሕፃናት ሥራዋ ላይ ናት፤ ኖይ ውሻውን አብልታ ተመልሳ ተኝታለች። እሱ በረንዳው በር ላይ ጋዜጣውን ጠቅልሎ ይቆማል። በመጀመሪያው ቀን ውሻው አጉረመረመ፤ መታው። በሁለተኛውም መታው። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። በአምስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ጭራሽ አላጉረመረመም። ጀምበሩ በልቡ፣ በቃ ገባው አለ። ውሻው መብላቱን አቆመ፣ አንገቱ ድርቅ አለ፣ የዓይኑ ነጭ በጠርዝ በኩል ታየ፤ ይህን ሁሉ ግን ጀምበሩ ያስታወሰው በኋላ ነው። እጁን ወደ ሳህኑ ሰደደ። የሆነው ነገር ዓይን ከመጨፈን ይፈጥን ነበር። ግራ እጁ ላይ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል፣ አራት ቀዳዳ ቀረ።

ሱምሱም ወደ ጥግ አፈገፈገ፤ ጅራቱን ከሆዱ ሥር ቀብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። 

ጀምበሩ ቁስሉን በሳሙና አጥቦ በጨርቅ አሠረው። ለሚሪ የአውቶቡስ በር ያዘኝ አላት። ለኖይ ምንም አላላት፤ እሷም አልጠየቀችውም። ቀኑን ሙሉ እየነዳ አሰበ። ቢናገር ውሻውን ይወስዱታል፣ ኖይም መጋረጃዋን እንደዘጋች ትቀራለች። ደግሞ ያን ጋዜጣ ሊናገር ነው፤ ልጁ አትንኩት ያለችውን እሱ በስውር ሲመታ መክረሙን። ባይናገር ደግሞ ነገ ዓርብ ነው፤ አድቫ ትመጣለች። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ለጋል ደወለ። አስሎ፣ ጉንፋን ይዞኛል፣ ሕፃኗን እንዳላስይዛት በዚህ ሻባት ቅሩ አላት። ጋል ሳታመነታ አመነችው፤ ሎሚ በማር ጠጣ ብላ መከረችው። ይበልጥ ያመመው ያ ነበር።

ሌላም ነገር ልቡን ይበላው ጀመር። ልጅ ሳለ አንድ የአጎቱን ልጅ ያበደ ውሻ ነክሶት ነበር። ቁስሉ ድኖ፣ ሰው ሁሉ ረስቶት፣ ከአርባ ቀን በኋላ ያ ልጅ ውሃ ሲያይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጀምበሩ ለሰው ተርኮ አያውቅም። የሱምሱም የክትባት ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል፤ ቀኑን ሦስት ጊዜ አነበበው። ቢሆንም ውሃ በጠጣ ቁጥር ጉሮሮውን ያዳምጥ ነበር።

እሑድ ጠዋት እጁ እንደ ሊጥ አብጦ መሪ መያዝ አቃተው። ኩፓት ሆሊም፣ የሰፈሩ ጤና ጣቢያ፣ ሄደ። ነርሷ ጨርቁን ፈታች፣ መብራቱን አስጠጋች፣ ቀና ብላም አየችው።

"ይህን በር አላደረገውም፤ ጥርስ ነው" አለችው።

ጀምበሩ ውሻ ነው አለ። የማን ውሻ ብላ ጠየቀችው። እዚህ አገር የውሻ ንክሻ ሁሉ ለጤና ቢሮ እንደሚነገር፣ የነከሰው ውሻም አሥር ቀን እንደሚታይ አስረዳችው። ባለቤቱ ከታወቀና ከተከተበ ነገሩ ቀላል ነው፤ ካልታወቀ ግን አንተ መርፌውን ሁሉ ትወጋለህ አለች። ልጁ በዓይኑ መጣችበት፤ መጋረጃው፣ የተደፋው ስልክ።

"የማንም አይደለም" አለ። "ክፋር ግቢሮል፣ መጨረሻው ፌርማታ አጠገብ፣ ብርቱካን እርሻው ዳር ነው የነከሰኝ።"

ምን እንደሚመስል ስትጠይቀው ሌላ መልክ ለመፍጠር ጊዜ አልነበረውም፤ አፉ ዓይኑ ያየውን ተናገረ። ቡናማ፣ መካከለኛ፣ ጆሮው የወደቀ። ነርሷ ጻፈች። ቁስሉ ዙሪያና ትከሻው ላይ ተወጋ፤ ሁለተኛው መርፌ ረቡዕ ነው፣ አንድም ቀን እንዳታሳልፍ ተባለ። ጀምበሩ መርፌውን እንደ ቅጣት ቆጠረው፣ ተቀጣሁና አለቀ ብሎም ለራሱ ነገረው።

አላለቀም። ማክሰኞ ያርደን የምትባል የከተማው የእንስሳት ሐኪም ደወለች። ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ውሻው ከየት እንደመጣ ጠየቀችው። እሱም አንዴ የገባበትን መንገድ ቀጠለ። ስለነገርከን እናመሰግናለን፣ በዚያ በኩል የትምህርት ቤት ልጆች ያልፋሉ አለችው። በዚያው ከሰዓት ኖይ ወጥ ቤት ውስጥ አጠገቡ ቆመች። እንዲህ አጠገቡ ከቆመች ቆይታለች።

"አባ፣ ሱምሱም ምግቡን በአፉ ይዞ ከማሽኑ ኋላ መግባት ጀምሯል። እኔን ሲያይ እንኳ ይሸሻል። ምን አጥፍቼበት ይሆን?" አለችው።

ጀምበሩ የታሰረ እጁን ጠረጴዛው ሥር ደበቀና፣ ምንም አላጠፋሽም አላት። 

ረቡዕ ጠዋት ሁለተኛውን መርፌ ተወጋ፤ እብጠቱም ስለቀነሰ ሥራ ገባ። ከሰዓት ክፋር ግቢሮል መጨረሻ ሲደርስ ጋሼ ይርዳውን አየ። ጋሼ ይርዳው ሰማንያ ዓመት የተጠጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ከእርሻው ዳር ባለች ቁራሽ መሬት ጎመንና ቃሪያ ያበቅላሉ። በየቀኑ በእሱ አውቶቡስ ይመለሳሉ፣ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠው ስለ ጉልበታቸው ያወሩታል። አንድ ቡናማ ውሻ ሁልጊዜ እስከ ፌርማታው ይሸኛቸዋል፤ አውቶቡሱ እስኪሄድ ቁጭ ብሎ ያያል። ዛሬ ውሻው የለም። ሽማግሌው የጎመኑን ፌስታል መሬት ላይ ጥለው እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ጀምበሩ ውሻው ሁልጊዜ የሚቀመጥበትን ቦታ አየ። ያን ውሻ መቶ ጊዜ አይቶታል። ለነርሷ ሲናገር አስቦት ነበር? አላሰብኩትም አለ ለራሱ። እርግጠኛ ግን አልነበረም።

"ወሰዱት፣ ልጄ" አሉት ጋሼ ይርዳው በሩን ሲከፍትላቸው። "ሰው ነከሰ ብለው። ጥርስ እንኳ የለውም እኮ፤ ዳቦ በውሃ አርሼ ነው የማበላው።"

ውሻው ወረቀት የለውም፣ ክትባት የለውም፣ ባለቤት ተብሎ የተጻፈ ሰው የለውም። ሁለት ዓመት ያበሉት እሳቸው ቢሆኑም ይህን በዕብራይስጥ ማስረዳት አልቻሉም። የገባቸው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ሊገድሉት ይችላሉ የሚለው። ያን ቀን ስለ ጉልበታቸው አላወሩም። ከመውረዳቸው በፊት ክንዱን ያዙት።

"አንተ ቋንቋውን ትችላለህ። ነገ አብረኸኝ ሂድና ተናገርልኝ።"

"እሺ ጋሼ" አለ ጀምበሩ። ሌላ ምን ይበል?

ቤት ሲገባ ሚሪ በደስታ ተቀበለችው። ጋል ደውላ ነበር፤ ጉንፋን ኖረም አልኖረ በዚህ ዓርብ እንመጣለን ብላለች፣ አድቫ መሮጥ ጀምራለች ብላለች። ሚሪ ስታወራ ውሻው ከጠረጴዛው ሥር የወደቀ የዳቦ ፍርፋሪ ላይ ቆሞ ነበር። ድምፅ የለውም፤ አንገቱ ብቻ ድርቅ ብሏል። ሚሪ አላየችውም። ያየው ጀምበሩ ብቻ ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው። ሚስቱን በትከሻዋ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ሳሎን ወሰዳት፤ እሷ ግራ ገብቷት ሳቀች።

ሐሙስ ጠዋት ጋሼ ይርዳው የሰንበት ኮታቸውን ለብሰው ፌርማታው ላይ ጠበቁት። የውሾች ማቆያው ከከተማው ዳር ነው፤ ከሩቅ ጩኸቱ ይሰማል። ያርደን ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሠረች ወጣት ሴት ናት። የጀምበሩን ስም ስትሰማ ወረቀቷን ገልጣ አየችና ፊቷ በራ።

"አንተ የተነከስከው ሰው ነህ። ጥሩ አደረግህ፤ ውሻውን ለይልኝ" አለችው በዕብራይስጥ።

ጋሼ ይርዳው አልሰሙም። ቃሉ አልገባቸውም፤ ዓይናቸው ከብረቱ ኋላ ባለው ውሻቸው ላይ ነው። ውሻው አውቋቸው በሆዱ እየተሳበ መጣ፣ አፉንም ከፈተ፤ ከፊት ሁለት የተሸረፉ ጥርሶች ብቻ ናቸው የቀሩት። ጀምበሩ የታሰረ እጁን አየ። አራት ቀዳዳ። አላውቀውም፣ አይመስለኝም ብሎ መውጣት ይችል ነበር፤ ያ እንኳ ሽማግሌውን ባልጎዳ ነበር። ግን ነገ ዓርብ ነው።

"እሱ አይደለም" አለ። "የነከሰኝ የቤቴ ውሻ ነው። የልጄ። ክትባት አለው። እኔ ነኝ ምግቡን የነጠቅሁት።"

ያርደን ብዕሯን አስቀመጠች። አልጮኸችም። ተረጋግታ፣ ሕፃን ቤት ውስጥ አለ ወይ ብላ ጠየቀችው። ነገ ትመጣለች አላት። ከዚያም ወደ ጋሼ ይርዳው ዞሮ ያንኑ በአማርኛ መድገም ነበረበት፤ ይኼኛው ይብስ ነበር። እያንዳንዷን ቃል እየፈለገ ተናገረ። ሽማግሌው ጨርሶ እስኪናገር አዳመጡት።

"ታዲያ ትናንት ክንድህን ይዤ ስለምንህ ታውቅ ነበር" አሉ።

"አውቅ ነበር፣ ጋሼ።"

ሽማግሌው ወደ ብረቱ ተመልሰው ጣታቸውን በሽቦው ቀዳዳ አስገቡና ውሻቸውን ጉንጩን ያክኩት ጀመር።

ያርደን ከሰዓት በኋላ ሱምሱምን ልወስድ እመጣለሁ አለች፤ ሕጉ ነው፣ አሥር ቀን። ስለዚህ ጀምበሩ ቀድሞ ቤት መድረስ ነበረበት። ኖይ ሶፋው ላይ ውሻውን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ከፊቷ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ የእጁን ጨርቅ ፈታ፣ ቁስሉን አሳያትና ነገራት። ሞሼን፣ ጋዜጣውን፣ አምስቱን ቀን፣ የብርቱካን እርሻውን፣ የጋሼ ይርዳውን ውሻ፣ ሁሉንም። ኖይ ቁስሉን አየችው።

"ማጉረምረሙን ለምን እንደተወ ሳስብ ነበር" አለች። "አባ፣ ማጉረምረሙ እኮ ተጠንቀቁ ማለቱ ነበር። አንተ አፉን ዘጋኸው።"

ተነስታ ውሻውን ይዛ ክፍሏ ገባች። ያርደን ስትመጣ ራሷ አወረደችው፣ ራሷም መኪናው ውስጥ አስገባችው፤ ስትመለስ አባቷን አላየችውም።

የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው፣ ጀምበሩ የፈራው ደረሰ። ኖይ ሦስት ቀን ከአልጋዋ አልወረደችም። ሚሪ ሳህን ይዛ ትገባለች፣ ሳህን ይዛ ትወጣለች። ሚሪ የተቆጣችው ስለ ውሻው አልነበረም። ያን ሁሉ ቀን ከጎኔ ተኝተህ እንዴት ዝም ትለኛለህ ነው ያለችው። ጋል በስልክ ስትሰማ፣ ልጄን ከዚያ ውሻ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አላስገባም አለች። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጀምበሩ ጫማውን ሲያሥር ኖይ ለብሳ ከክፍሏ ወጣች። ማቆያው በየትኛው አውቶቡስ እንደሚደረስ ጠየቀችው፤ ነገራት፤ ሄደች። ይቅር አላለችውም፤ ውሻዋን ልታይ ነው የሄደችው። እሱ ግን ያን ቀን ፌርማታ ስቶ አለፈና ተሳፋሪ ጮኸበት።

ውሻው በአሥራ አንደኛው ቀን ተመለሰ። ያርደን አብራ መጥታ ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። ይህ ውሻ ነገ ደህና ይሆናል ብላ አልዋሸቻቸውም። ምናልባት ዕድሜውን ሙሉ መጠበቅ ይኖርባችኋል፤ ሕፃን ባለችበት ቤት ደግሞ ትንሽ ስሕተት የለም አለች። የምግብ ቦታው በር ላይ ከፍ ያለ የብረት መከለያ ይገባል፤ ሳህኑ የሚቀርበው ከዚያ ኋላ ብቻ ነው። ማንም አይነጥቀውም፣ ማንም አይመታውም። ከአፉ የሚወሰድ ነገር ካለ በተሻለ ነገር ይለወጣል። አድቫ ስትመጣ ሱምሱም ኖይ ክፍል ተቆልፎበት ይውላል፣ ቁልፉም ኖይ ኪስ ውስጥ ይሆናል። ከዚያም ወደ ጀምበሩ ዞረች። ውሻው ከሁሉ የሚፈራው አንተን ነው፣ ስለዚህ ዋናው ሥራ ያንተ ነው አለችው።

ሥራው ይህ ነበር። ውሻው ከመከለያው ኋላ ሲበላ ጀምበሩ ከአምስት እርምጃ ርቀት ያልፋል፤ ሲያልፍ የተቀቀለ ዶሮ ቁራጭ ይወረውርለታል፤ ሳይቆም፣ ሳያየው ይሄዳል። በቃ። ውሻው አንገቱን ካደረቀ ነገ አንድ እርምጃ ይርቃል፤ ካላደረቀ ቀስ በቀስ ይጠጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ሱምሱም እሱ እስኪያልፍ መብላቱን ያቆም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ቸኩሎ ከልክ በላይ ተጠጋ፤ ውሻው አጉረመረመ። ጀምበሩ ወደ ኋላ ሄደ፣ ዶሮውን ከሩቅ ወረወረ፣ ለኖይም ነገራት። ኖይ ቴሌቪዥኑን እያየች፣ "ቤሰደር፣ እሺ፣ እንኳን አጉረመረመ፤ ይኼ ጥሩ ነው" አለችው። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያው መልካም ቃሏ ነበር።

የጋሼ ይርዳውን ውሻ ጀምበሩ ራሱ ከማቆያው አውጥቶ አስከተበው፣ በሽማግሌውም ስም አስጻፈው። ሽማግሌው አመሰገኑት፤ አሁንም በእሱ አውቶቡስ ይሄዳሉ። የሚቀመጡት ግን መሃል ወንበር ላይ ነው። ሰላም ይላሉ፣ ይወርዳሉ። ጀምበሩ በመስተዋቱ ያያቸዋል፤ ለምን ወደ ፊተኛው ወንበር እንደማይመጡ አይጠይቅም።

ጋል በስድስተኛው ሳምንት መጣች። አድቫን ከእቅፏ ሳታወርድ ኖይ ክፍል በር ላይ ሄዳ እጀታውን ሁለት ጊዜ ሞከረችው፣ ከዚያ ነው የተቀመጠችው። ጀምበሩም እራቱን ሙሉ ጆሮው እዚያ በር ላይ ነበር። ሕፃኗ ዳቦ ስትጥል ከማንም ቀድሞ ጎንበስ ይል ነበር፣ ውሻው ተቆልፎበትም ቢሆን። ሚሪ ተው አሁን ብላው ነበር፤ መተው ግን አልቻለም።

በሚቀጥለው ሰኞ ኖይ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለ ሱቅ ውስጥ የከሰዓት ሥራ ጀመረች። ለግማሽ ቀን ነው፣ እሱም ለሙከራ ነው አለች። ከመውጣቷ በፊት የምግቡን መለኪያ አባቷ እጅ ላይ አስቀመጠችና በሩን ዘግታ ሄደች። ጀምበሩ ሳህኑን ሞላ፣ ከመከለያው ኋላ አኖረ፣ ሱምሱምን አስገባ፣ መቀርቀሪያውን ወርውሮ በጣቱ ነቅነቅ አድርጎ አየው። ከዚያ ሦስት እርምጃ ርቆ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።  ውሻው አንዴ ቀና ብሎ አየው፣ ጆሮውን አላላ፣ መብላቱንም ቀጠለ።